ፓራሲታሞሉ 86 በመቶ ወጣብኝ፤ መድኃኒቱን ልጠርጥር?

ማርቆሴዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ማርቆስ ፋርማሲ ነው የምማረው፤ የመመረቂያ ጥናቴ ላይ ነኝ። ከከተማው መድኃኒት ቤቶች ሦስት ዓይነት ባለ 500 ሚሊግራም ፓራሲታሞል ገዝቼ በዩቪ ስፔክትሮፎቶሜትር (ሙሙቱ ምን ያህል አልትራቫዮሌት ብርሃን እንደሚውጥ በሚለካ መሣሪያ) እየለካሁ ነው። የምከተለው የብሪቲሽ ፋርማኮፒያን (ቢፒ፣ የእንግሊዝን የመድኃኒት ጥራት መመሪያ መጽሐፍ) ነው። ከየዓይነቱ 20 ክኒን መዝኜ ፈጨሁ። አማካይ ክብደታቸው 560፣ 556 እና 650 ሚሊግራም ነው። ከእያንዳንዱ 168 ሚሊግራም ዱቄት ወስጄ በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ አሟሟሁ፣ አጣራሁ፣ አቀጠንኩ፣ በ257 ናኖሜትር የብርሃን ሞገድ ርዝመት አነበብኩ። ሁለቱ ከተጻፈባቸው መጠን 99 በመቶ አካባቢ ወጡ። ሦስተኛው 86! ብደግመውም ያው ነው። ራሱን ያመመው ሁሉ የሚውጠው ክኒን ነውና ጨንቆኛል። ከደረጃ በታች ነው ብዬ ልጻፍ? አማካሪዬ ሰኞ ይጠብቀኛል።

የላብ ሰው ከባሕር ዳር፦
እህቴ፣ ቆይ፣ ገና አትጻፊ። መጀመሪያ ሚዛኑን እንይ። ፋርማኮፒያው የሚለው 150 ሚሊግራም ፓራሲታሞል የያዘ ዱቄት ውሰዱ ነው። ለ560ው 150 × 560 ÷ 500 ሲሆን 168 ይመጣል። ለ556ቱም ልዩነቱ ኢምንት ነው። 650 የሚመዝነው ግን 195 ሚሊግራም ይፈልጋል። ክኒን መድኃኒት ብቻ አይደለም፤ ስታርቹም፣ ማያያዣውም፣ ሽፋኑም ይመዝናል። ሁለት እንስራ ሰፈፍ ማር እኩል ብትመዝኚ የሚጣራው ማር እኩል እንደማይሆነው ነው።

አሁን ቁጥርሽን ተመልከቺ። 168 × 500 ÷ 650 ሲሰላ 129.2 ሚሊግራም ነው። ይህ ከ150 ጋር ሲነጻጸር 86 በመቶ። አንቺም ያገኘሽው 86! ክኒኑ የተጻፈበትን ያህል ሳይዝ አይቀርም።

ይህን አጥብቄ የምለው ምክንያት አለኝ። አንድ መድኃኒት ደካማ ነው ተብሎ ከተወራ ሰው ደህናውን ትቶ ሌላ ፍለጋ ይሄዳል። የባለ መድኃኒት ቤቱም ስም በከንቱ ይጠፋል።

በስሌት ብቻ ግን አትለፊው። 195 መዝነሽ እንደገና ሥሪው፤ 15 ደቂቃ ሙሉ ይናጥ። መጨረሻ ላይ ስታቀጥኚ ደግሞ 10 ሚሊ ሊትር 0.1 ሞላር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ መጨመሩን አትርሺ፤ እሱ ገብቶ ነው 100 ሚሊ ሊትር የሚሞላው። ከተዘለለ ፓራሲታሞሉ በሙሉ አዮን (ኤሌክትሪክ ሙል ያለው ቅርጽ) አይሆንም። ፒኩ (ብርሃን ከሁሉ በላይ የሚዋጥበት ነጥብ) ከ257 ወደ 243 ይሸሻል፣ ንባብሽም ይወርዳል። ስለዚህ በአንድ ነጥብ ብቻ አታንብቢ። ከ220 እስከ 350 ስካን አድርጊና ፒኩ የት እንደቆመ በዓይንሽ እዪ። መድኃኒቱ ሙሉ ከሆነ አብዞርባንሱ (የተዋጠው ብርሃን ልክ) 0.54 አካባቢ ይሆናል። ኩቬቱ (ሙሙቱ የሚቀዳበት ትንሽ ዕቃ) ኳርትዝ ይሁን፤ ተራው መስታወት በ257 ብርሃን አያሳልፍም። መብራት ሄዶ ከመጣም አምፖሉ እስኪረጋ ግማሽ ሰዓት ያህል ታገሺ።

ማርቆሴዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጋሼ! ነገ ጠዋት 195 መዝኜ እጀምራለሁ። ሌላ ጥያቄ፦ ገደቡ 95 ነው ወይስ 90? ሁለቱንም አንብቤያለሁ።

ፋርማሲስት ከቡሬ፦
ሁለቱም ትክክል ነው። ለፓራሲታሞል ክኒን ቢፒ ከ95 እስከ 105 ይላል፣ ዩኤስፒ (የአሜሪካው መመሪያ) ከ90 እስከ 110። ፓኬቱን እዪ፤ ከስሙ ቀጥሎ ከሁለቱ የተጻፈውን ተከተዪ።

አንድ ልጨምር። ዩቪ ስንት እንዳለ እንጂ ምን እንደተቀላቀለ ለይቶ አይነግርሽም። ፓራሲታሞል ሲፈርስ 4-አሚኖፌኖል ይወጣዋል፤ እሱም በዚያው አካባቢ ብርሃን ይውጣል። የቆየ ወይም እርጥበት የነካው ክኒን ከሆነ በኤችፒኤልሲ (የተቀላቀሉትን ለያይቶ በሚለካ ማሽን) ማየት ይሻላል። ግቢያችሁ ውስጥ ማሽኑ ከሌለ በጥናትሽ ውስጥ ይህን የዩቪ ውስንነት በግልጽ ጻፊው። የሦስቱንም የባች ቁጥርና የሚያበቃበትን ቀን መዝግቢ፣ ፓኬቱንም አትጣዪ። በትክክል ተሠርቶም ቢወድቅ ለምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የምታመለክቺው በዚያ ቁጥር ነው።