በራኒንግ ባክ ልውውጥ የከሰሩ ክለቦች የተሳሳቱት የቱ ላይ ነው?

የእሁድ ተመልካች (ጠያቂ)

የተከበራችሁ የአሜሪካ ፉትቦል ወዳጆች፣

በኤንኤፍኤል (በአሜሪካ ፉትቦል ሊግ) ታሪክ ከሁሉ የከፋው የተጫዋች ልውውጥ የትኛው እንደሆነ ሲጠየቅ አብዛኛው ሰው ሳያመነታ የሄርሼል ዎከርን ስም ያነሣል። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1989 ሚኒሶታ ቫይኪንግስ ይህን ራኒንግ ባክ (ኳስ ይዞ የሚሮጥ ተጫዋች) ከዳላስ ካውቦይስ ለመውሰድ አምስት ተጫዋቾችንና ሦስቱ የመጀመሪያ ዙር የሆኑ በርካታ የድራፍት ምርጫዎችን (ድራፍት ክለቦች በየዓመቱ አዳዲስ ተጫዋቾችን በተራ የሚመርጡበት ሥርዓት ነው) አሳልፎ ሰጠ። በዚያው ዓመት አንድ ጨዋታ ብቻ አሸንፎ በ15 የተሸነፈው ዳላስ ደግሞ በ1992፣ በ1993 እና በ1995 የውድድር ዘመኖች የሱፐር ቦውል (የሊጉ የፍጻሜ ጨዋታ) ባለቤት ሆነ።

እኔን የሚያሳስበኝ ከዚህ ታሪክ የተወሰደው ትምህርት ነው። ክለቦች ከዎከር፣ በኋላም በ2013 ወደ ኢንዲያናፖሊስ ኮልትስ ከተዛወረው ከትሬንት ሪቻርድሰን ጉዳይ ተነሥተው ለራኒንግ ባክ ብዙ መክፈል በራሱ ጥፋት ነው ወደሚል ድምዳሜ የደረሱ ይመስለኛል። በ2013፣ በ2014፣ በ2022 እና በ2024 ድራፍቶች የመጀመሪያው ዙር አንድም ራኒንግ ባክ ሳይመረጥበት አልፏል። በአንጻሩ ራኒንግ ባኮቹ ማርሻል ፎክ፣ ጀሮም ቤቲስ፣ ማርሾን ሊንች እና ክርስቲያን ማካፍሪ ከሚገባቸው ባነሰ ዋጋ ተላልፈው፣ የተቀበሏቸው ቡድኖች ለሱፐር ቦውል ሲበቁ ዋና ድርሻ ነበራቸው። ታዲያ ክለቦቹን ያከሰራቸው የቦታው ጠባይ ነው ወይስ ተጫዋቹን የመዘኑበት መንገድ? በማስረጃ የተደገፈ አስተያየታችሁን እጠብቃለሁ።

ላይንማን72

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ከዎከር ልጀምር። ዎከር መጥፎ ተጫዋች አልነበረም። በ1988 ለዳላስ በሩጫ ብቻ 1,514 ያርድ ያስመዘገበ፣ ኳስ በመቀበልም ከ500 ያርድ በላይ የጨመረ ሰው ነው፤ ለሚኒሶታ በተሰለፈበት የመጀመሪያ ጨዋታም ግሪን ቤይ ላይ 148 ያርድ ሮጧል። ችግሩ የቫይኪንግስ አመራር ልውውጡን የተረዳበት መንገድ ነበር። ከተላኩት ተጫዋቾች ጋር የድራፍት ምርጫዎች በቅድመ ሁኔታ ተያይዘው ነበር፤ ዳላስ ተጫዋቹን ካሰናበተ ምርጫው የእርሱ ይሆናል። ሚኒሶታ ዳላስ ተጫዋቾቹን ማቆየት ይመርጣል ብሎ ሲያስብ፣ የዳላሱ አሠልጣኝ ጂሚ ጆንሰን ግን ከመጀመሪያው ዓይኑን የጣለው ምርጫዎቹ ላይ ነበር። ከዚያ ሀብት በተገኘው ዕድል በ1990 በ17ኛ ደረጃ የተመረጠው ኤሚት ስሚዝ ራሱ ራኒንግ ባክ መሆኑን ልብ ይበሉ፤ በ18,355 ያርድ የምንጊዜም የሩጫ ክብረ ወሰን ባለቤት የሆነው እርሱ ነው። ስለዚህ ይህ ልውውጥ ራኒንግ ባክ ዋጋ እንደሌለው ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብ አይችልም። ከሁለቱም ወገን ታላቅ ሯጭ ነበረ፤ ልዩነቱ አንዱ ሯጩን ያገኘው በአንድ ምርጫ፣ ሌላው ደግሞ የክለቡን የወደፊት ዘመን በሙሉ ከፍሎ መሆኑ ነው።

ሁለተኛው ነጥቤ የኦፌንሲቭ ላይንን (ከሯጩ ፊት ቆመው መንገድ የሚከፍቱለት አምስት ተጫዋቾች፣ በአጭሩ ላይን) ጉዳይ የሚመለከት ነው፤ ይህንንም አጥብቄ እናገራለሁ፤ ምክንያቱም የራኒንግ ባክ ዋጋ የሚዛባው በዋናነት እዚህ ላይ ነውና። ሴኳን ባርክሊ በ2023 ለኒው ዮርክ ጃያንትስ ሲጫወት በአንድ ሩጫ በአማካይ 3.9 ያርድ ብቻ ያገኝ ነበር። ጃያንትስ ለቀቀው፤ ወደ ፊላደልፊያ ኢግልስ ተዛውሮ በቀጣዩ ዓመት በሩጫ 2,005 ያርድ አስመዘገበ፣ አማካዩም ወደ 5.8 ከፍ አለ፣ ቡድኑም የሱፐር ቦውል አሸናፊ ሆነ። በአንድ ዓመት ውስጥ የሰውየው ጉልበትና ፍጥነት ያን ያህል አልተለወጠም፤ የተለወጠው ከፊቱ የቆሙት አምስት ሰዎች ናቸው። ዝርዝር አኃዙን ብቻ አይቶ «ይህ ሰው አልቆለታል» የሚል ሥራ አስኪያጅ ሰውየውን ሳይሆን የራሱን ላይን እየመዘነ ነው።

ሰማያዊ ፈረስ

ለረጅም ዓመታት የኢንዲያናፖሊስ ኮልትስ ደጋፊ እንደመሆኔ፣ በላይንማን72 አስተያየት በከፊል ብቻ እስማማለሁ። ሁሉም ነገር በላይኑ ቢወሰን ኖሮ የሪቻርድሰን ጉዳይ ሊብራራ አይችልም ነበር። በሴፕቴምበር 2013 ክለቤ ለዚህ ተጫዋች የ2014 የመጀመሪያ ዙር ምርጫውን ለክሊቭላንድ ብራውንስ ሰጠ፤ ሪቻርድሰን በዚያ የውድድር ዘመን ለእኛ 157 ጊዜ ሮጦ ያገኘው 458 ያርድ፣ ማለትም በአማካይ 2.9 ነበር። በዚያው ዓመት በዚያው ላይን ጀርባ የሮጠው ዶናልድ ብራውን በአማካይ 5.3 ያርድ አግኝቷል። የላይን ሰበብ እዚህ ላይ ያበቃል። ከሁሉ የሚያሳዝነው ምልክቱ አስቀድሞ መታየቱ ነው፤ ሪቻርድሰን በክሊቭላንድ የመጀመሪያ ዓመቱ 950 ያርድና 11 ታችዳውን (ኳስ ከግብ መስመር በማሻገር የሚገኝ ነጥብ) ቢያስመዘግብም አማካዩ 3.6 ብቻ ነበር። የተገዛው በ2012 ድራፍት ሦስተኛ ሆኖ በመመረጡ ካተረፈው ስም የተነሣ ነው፤ ያ ስም ደግሞ ሜዳ ላይ ካሳየው ነገር ጋር አይመጣጠንም ነበር።

የፎክን ነገር ግን እንደ ጠያቂው አላየውም። በእርግጥ በ1998 ለክለቤ ከሊጉ ሁሉ በላይ 2,227 ጠቅላላ ያርድ የሠራን ሰው በሁለተኛና በአምስተኛ ዙር ምርጫ ለሴንት ሉዊስ ራምስ መስጠት ለሰሚው ግራ ነው፤ ፎክም በሄደበት ዓመት 1,381 ያርድ ሮጦ፣ ኳስ በመቀበል 1,048 ጨምሮ ሱፐር ቦውል አነሣ። ይሁን እንጂ ኮልትስ በቦታው ኤጀሪን ጄምስን መረጠ፤ ጄምስ በ1999 በ1,553 ያርድ የሊጉ ቀዳሚ ሯጭ ሆነ፣ ቡድኑም ከ3 ድል ወደ 13 ድል ተሸጋገረ። ሻጩ ያልተጎዳበትን ልውውጥ ከዎከር ጎን ማሰለፍ ፍትሐዊ አይመስለኝም።

አራተኛ ሙከራ

የሪኪ ዊልያምስ ስም እስካሁን አለመነሣቱ አስገርሞኛል። በ1999 የኒው ኦርሊንስ ሴይንትስ አሠልጣኝ ማይክ ዲትካ እርሱን በአምስተኛ ደረጃ ለመምረጥ የዚያን ዓመት ምርጫዎቻቸውን በሙሉ፣ ከቀጣዩ ዓመት ደግሞ የመጀመሪያና የሦስተኛ ዙር ምርጫዎችን ለዋሽንግተን ሰጡ። ቡድኑ የውድድር ዘመኑን በ3 ድልና በ13 ሽንፈት ጨረሰ፣ ዲትካም ተሰናበቱ። ዊልያምስ ግን በ2002 ለማያሚ ዶልፊንስ 1,853 ያርድ ሮጦ የሊጉ ቀዳሚ ሆነ። አንድን ድራፍት በሙሉ ለአንድ ሰው የሰጠ ክለብ ለዚያ ሰው መንገድ የሚከፍቱለትን ተጫዋቾች ከየት ያመጣል?

በውሉ በኩል ያለውን ላክልበት። አዲስ ተመራጭ የመጀመሪያ ውሉ አራት ዓመት ነው፤ በመጀመሪያ ዙር ለተመረጠ ክለቡ አምስተኛ ዓመት የመጨመር መብት አለው፣ ከዚያም ፍራንቻይዝ ታግ የሚባለውን ተጠቅሞ ለአንድ ዓመት ሊያስቀረው ይችላል። በ2023 የራኒንግ ባክ ታግ ክፍያ 10.091 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ ጆሽ ጄከብስ በ2022 በ1,653 ያርድ ሊጉን ከመራ በኋላ የገጠመው ይኸው ነው። ኳርተርባክ (ኳስ የሚወረውረውና ጥቃቱን የሚመራው ተጫዋች) በሠላሳዎቹ ዕድሜው ሁለተኛና ሦስተኛ ትልቅ ውል ሲፈርም፣ ራኒንግ ባክ ነፃ በሚወጣበት ቀን ጉልበቱ ተመጥጦ «ዕድሜው ገፍቷል» ይባላል። ዋጋው የሚወርደው ሜዳ ላይ በሚያደርገው ብቻ ሳይሆን ለድርድር በሚቀርብበት ወቅት ጭምር ነው።

የእሁድ ተመልካች (ጠያቂ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሰማያዊ ፈረስ ያነሡት የብራውንና የሪቻርድሰን ንጽጽር በጣም ጠቃሚ ነው፤ በአንድ ላይን ጀርባ የሮጡ ሁለት ሰዎችን ጎን ለጎን ማየት ከማንኛውም ጠቅላላ አኃዝ የተሻለ መለኪያ ይመስለኛል። ስለ ፎክ ያለኝን አቋም ግን አልለወጥኩም። ኮልትስ ያልተጎዳው ጄምስን በድራፍቱ አራተኛ ደረጃ በነበረው የራሱ ምርጫ ስላገኘ ነው እንጂ ለፎክ ተመጣጣኝ ዋጋ ስለተቀበለ አይደለም። ማካፍሪን በ2022 የሸጠው ካሮላይና ፓንተርስ እንኳ የሁለተኛ፣ የሦስተኛ፣ የአራተኛና የአምስተኛ ዙር ምርጫዎችን አግኝቷል፤ ያም ሆኖ ማካፍሪ በ2023 በ1,459 ያርድ የሊጉ ቀዳሚ ሯጭ ሲሆን፣ ብዙዎች ሳን ፍራንሲስኮ ርካሽ ገዛ አሉ።

ለላይንማን72 አንድ ተጨማሪ ጥያቄ አለኝ። ዴሪክ ሄንሪ በ2024፣ በ30 ዓመቱ፣ ከባልቲሞር ሬቨንስ ጋር የሁለት ዓመት የ16 ሚሊዮን ዶላር ውል ፈርሞ 1,921 ያርድ ሮጧል። በዚያ ቡድን ውስጥ ግን ኳርተርባኩ ላማር ጃክሰን ራሱ አደገኛ ሯጭ ስለሆነ ተከላካዮች ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ለመጠበቅ ይገደዳሉ። የላይኑን ድርሻ ከሯጩ ለመለየት የብራውንን ዓይነት ንጽጽር መጠቀም ይቻላል፤ የኳርተርባኩን ድርሻ በምን ይለዩታል?