መሪው እንደተቆለፈ ቀረ፣ ባትሪውም ሞተ፤ ምን ላድርግ?

ሰላም ለሁላችሁ። ሞተር መንዳት ከጀመርኩ ገና ሁለት ወሬ ነው፤ እባካችሁ እንዳትስቁብኝ። ትናንት ማታ ሞተሬን ትንሽ ተዳፋት ላይ በጎን መቆሚያው አቆምኩት። እንዳይንሸራተት አንደኛ ማርሽ አስገባሁ፤ መሪውን ወደ ግራ ጥግ ድረስ አዙሬ፣ ቁልፉን ጫን አድርጌ ቆለፍኩ። እስከዚህ ደህና ነበር።

ለካ ቁልፉን አንድ እርከን አሳልፌ አዙሬዋለሁ! እዚያም ላይ መሪው ይቆለፋል፣ ቁልፉም ይወጣል፤ ግን የኋላ መብራቱ እንደበራ ያድራል። በጨለማ መንገድ ዳር ለጥቂት ጊዜ ለሚያቆም ሰው የተሠራ መሆኑን ያወቅኩት ዛሬ መመሪያውን ሳነብ ነው።

ጠዋት ስደርስ መብራቱ ጠፍቷል። ይባስ ብሎ ቁልፉ ይገባል እንጂ አይዞርም። መሪውን ወደ ግራ ገፋ፣ መለስ እያደረግኩ ሞከርኩ፤ ወይ ፍንክች። ብታገለው ቁልፉ ውስጥ ተሰብሮ ይቀራል ብዬ ፈራሁና ተውኩት።

ቀዳዳው ውስጥ ዘይት ልጨምር? አቧራ ይሰበስባል፣ የግራፋይት ዱቄት ይሻላል የሚሉ አሉ። መሪው ከቁልፉ ቢላቀቅስ፣ ሞተሩን በምን አስነሳዋለሁ? ሞተሩ ነዳጅ የሚያገኘው በካርቡሬተር ሳይሆን በኤሌክትሪክ በሚሠራ ኢንጀክሽን ነው፤ የእግር ማስነሻ የለውም። ባትሪው እንዲህ ጭልጥ ብሎ ካለቀ፣ ሁለተኛ ማርሽ አስገብቶ በግፊ ማስነሳት ይሠራል ወይስ በከንቱ መድከም ነው? መቀመጫው በሌላ ቀዳዳ ስለሚከፈት ባትሪውን አውጥቼ ቻርጅ ማድረግ እችላለሁ። መሪው ግን እንደተጠመዘዘ ነው፤ ገፍቼ እንኳ ከቦታው ላነሳው አልቻልኩም። ይህ የደረሰበት ሰው ካለ ከየት እንደምጀምር ይንገረኝ።