ስኳርም ዱቄትም የሌለው ኬክ ለእማዬ፦ ባህር ዳር ላይ በምን እንስራው?

የጣና ዳሯ

ሰላም ለሁላችሁም። ጽሑፌ ትንሽ ስለሚረዝም ታገሱኝ።

እማዬ ስኳር ካለባት አራት ዓመት ሆናት፣ ዓይነት 2 የሚባለው። መድኃኒቷን በሰዓቱ ትውጣለች፣ እንጀራውንም ቀንሳለች። ግን ጣፋጭ ነገር በጣም ትወዳለች። ድሮ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ከሻይ ጋር አንድ ቁራጭ ኬክ ካልቀመሰች እሁድ የደረሰ አይመስላትም ነበር። አሁን እኛ ስንበላ ፊቷን ዞር ታደርጋለች፣ እኛም እሷ ፊት መብላት ትተናል። ልደት ራሱ ቤታችን ውስጥ ቀዝቅዟል።

እና ራሴ ልስራላት ብዬ ተነሳሁ። መጀመሪያ የሰራሁት በጤፍ ዱቄትና በማር ነው። ጤፍ ለስኳር ታማሚ ጥሩ ነው ሲባል ስለሰማሁ፣ ማሩም የራሳችን የጎጃም ማር ነው፣ ዘመድ ከገጠር የላከልን፣ ምንም ያልተቀላቀለበት። ደስ ብሏት ሁለት ቁራጭ በላች። ከሁለት ሰዓት በኋላ ስንለካት 263። እጄ ተንቀጠቀጠ። እሷ ደግሞ "አይዞሽ ልጄ፣ ይወርዳል" እያለች እኔን ታጽናናኛለች።

ቀጥዬ "ስኳር የሌለው" የሚል ብስኩት ከሱቅ ገዛሁላት፣ እሱም ከፍ አደረገባት። ከዚያ ኢንተርኔት ላይ ያየሁትን ልሞክር አልኩ። የአልሞንድ ዱቄት ይላል፣ ዋጋው አይቀመስም። ስለዚህ ተልባ ፈጭቼ፣ ከአዲስ አበባ ባስመጣሁት ስቴቪያ የሚባል ማጣፈጫ ሰራሁት። እንደ ኮሶ መረረ። ኬኩም እሳት ላይ ተነፍቶ ተነፍቶ ሳወጣው መሃሉ ጉድጓድ ሆነ።

እባካችሁ የሞከራችሁ ንገሩኝ። በምን ዱቄት ይሰራል? ማጣፈጫውስ የቱ ይሻላል? መብራት በሄደ ጊዜ ያለ ኦቨን መጋገር ይቻላል? ደግሞ እማዬ ጾም አትፈታም፣ ያለ እንቁላልና ያለ ቅቤ የሚሆን ነገር ካለም አደራ።

ዓባይ ማዶ

እህቴ አይዞሽ። ባለቤቴ ስኳር ስላለበት እኔም በዚሁ መንገድ አልፌያለሁ፣ በማር ጭምር።

መጀመሪያ ስለ ዱቄቱ። ኢንተርኔት ላይ "የለውዝ ዱቄት" ሲሉሽ አልሞንዱን ነው። እኛ ለውዝ የምንለው ግን ኦቾሎኒው ነው፣ እና እሱ ራሱ ግሩም አድርጎ ይሰራል። ቅዳሜ ገበያ ሞልቶልሻል። 100 ግራም ጥሬ ለውዝ ውስጥ ካርቦሃይድሬቱ 16 ግራም ገደማ ነው፣ ከዚያም ግማሹ ፋይበር ስለሆነ ስኳር አያወጣም። የስንዴ ዱቄት በ100 ግራም ከ70 በላይ ነው። ጤፍም እንደዚያው ከ70 በላይ ነው። ጤፍ ብዙ መልካም ነገር አለው፣ ብረቱም ፋይበሩም፣ ግን ለዚህ ጉዳይ ዱቄት ዱቄት ነው።

ለውዙን ስትገዢ ልቅም አድርገሽ ግዢ። የጨማደደውን፣ የጠቆረውን፣ ሻጋታ ሻጋታ የሚሸተውን ጣይው። አፍላቶክሲን የሚባለው መርዝ ከሻጋታው ነው የሚመጣው፣ ማመስም አያጠፋውም። እኔ እቤት ሳመጣ ትሪ ላይ ዘርግቼ አንድ በአንድ እለቅመዋለሁ፣ ልጆቼም ያግዙኛል።

ከዚያ ለስለስ ባለ እሳት አመስ አድርጊው፣ ቀለሙ ሳይቀየር፣ ልጣጩ በእጅ ሲታሽ እስኪለቅ ብቻ። እፍ እያልሽ ልጣጩን አስወግጂ። በደንብ ይቀዝቀዝ። ሲፈጭ ነው ሰው የሚሳሳተው። መፍጫውን ለረጅም ጊዜ ከለቀቅሽው ዘይቱ ይወጣና ዱቄት መሆኑ ቀርቶ የለውዝ ቅቤ ይሆንብሻል። ትንሽ ትንሹን እያደረግሽ፣ ጫን ለቀቅ ጫን ለቀቅ፣ ከዚያ በወንፊት ነፍተሽ የቀረውን መልሰሽ ፍጪ።

ለአንድ ኬክ 250 ግራም የለውዝ ዱቄት፣ 4 እንቁላል፣ 80 ግራም የቀለጠ ለጋ ቅቤ (የተነጠረውን አይደለም፣ ቅመሙ ይገንናል)፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር፣ ቁንጥጫ ጨው እጠቀማለሁ። የእንቁላሉን ነጭ ለብቻው እንደ አረፋ እስኪቆም ምቺው። አስኳሉን ከቅቤውና ከማጣፈጫው ጋር ምቺ፣ ዱቄቱን ጨምሪ፣ በመጨረሻ ነጩን ቀስ አድርገሽ ከታች ወደ ላይ እያነሳሽ አዋህጂ። እዚህ ላይ አትቸኩይ፣ አረፋው ከሞተ ኬኩም ይሞታል። ኮረሪማ 3 ፍሬ ፈልፍዬ ፍሬዋን በሙቀጫ ወቅጬ ከሊጡ ጋር አደርጋለሁ። ሽታው ቤቱን ሲሞላው ጎረቤት "ምን እየሰራሽ ነው" ብሎ ይጠይቃል።

12 ቦታ ብትቆርጪው አንዱ ቁራጭ ፋይበሩ ሲቀነስ ከ2 ግራም ብዙ የማይበልጥ ካርቦሃይድሬት ነው ያለው። በስንዴ ቢሆን ስኳሩ ሳይቆጠር ዱቄቱ ብቻ 15 ግራም ያልፋል።

መሃሉ የጎደጎደብሽ ደግሞ በከፍታው ይመስለኛል። ባህር ዳር 1800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ አየሩ ሳሳ ስለሚል ሊጥ ቶሎ ይነፋል፣ ውስጡ ሳይጸና ይወርዳል። የውጭ አሰራር 2 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር ካለሽ አንድ ተኩል አድርጊው። ልክ ሲነፋም ክዳኑን እየከፈትሽ አትዪው።

ያለ ኦቨን ድፎ ዳቦ እንዴት እንደሚጋገር ታውቂ የለ? እንደዚያው ነው። ወፍራም ብረት ድስት ውስጥ ጠፍጣፋ ድንጋይ ወይም የተገለበጠ ሳህን ታደርጊና የኬኩን ቆርቆሮ ከላዩ ታስቀምጫለሽ። ከሥር ፍም፣ ክዳኑ ላይም ፍም። ግን ለውዝ ከስንዴ ቶሎ ያርራል፣ ስለዚህ የታችኛው እሳት ሳሳ ይበል። የኔ 40 ደቂቃ ገደማ ይፈጅበታል። ስቲኪኒ ሰክተሽ ደረቅ ሆኖ ሲወጣ በቃው።

የሽምብጡ

መድኃኒት ቤት ነው የምሰራው፣ ስለ ማጣፈጫው ልጨምር።

ማር ተፈጥሯዊ ነው ተብሎ ብዙ ሰው ይሸወዳል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር 17 ግራም ያህል ስኳር አለው፣ ከአንድ የሾርባ ማንኪያ ስኳር ይበልጣል፣ ምክንያቱም ይከብዳል። ተምርም እንደዚያው ነው። ብስኩቱ ደግሞ "ስኳር የለውም" ማለቱ ውሸት ላይሆን ይችላል፣ ግን ከዱቄት ነው የተሰራው፣ ዱቄቱ ሆድ ውስጥ ሲደርስ ግሉኮስ ነው የሚሆነው። ጀርባውን ገልብጠሽ "ጠቅላላ ካርቦሃይድሬት" የሚለውን መስመር አንብቢ እንጂ ፊቱ ላይ የተጻፈውን አትመኚ። ማልቲቶል የሚል ማጣፈጫ ካየሽም ተጠንቀቂ፣ ከስኳር ያነሰ ቢሆንም እሱም ደም ውስጥ ያለውን ስኳር ያነሳል፣ ሲበዛም ሆድ ያውካል።

ስቴቪያ ንጹሁ ከስኳር ከ200 እጥፍ በላይ ይጣፍጣል፣ ስለዚህ የመረረሽ ስላበዛሽው ነው። በማንኪያ ሳይሆን በስቲኪኒ ጫፍ ነው የሚለካው። ኤሪትሪቶል ካገኘሽ ለኬክ ይሻላል፣ ጣፋጭነቱ የስኳርን 70 በመቶ ያህል ስለሆነ በብዛት ይገባና ለሊጡም አካል ይሆናል። አፍ ላይ ቅዝቃዜ አለው፣ ሲቀዘቅዝም አንዳንዴ እንደ አሸዋ ይቋጥራል፣ ስለዚህ ፈጭተሽ አድቅቂው። ሁለቱን ብትቀላቅያቸው የአንዱ ጉድለት በሌላው ይሸፈናል። አስፓርታም ያለበትን እንክብል ለሻይ እንጂ እሳት ላይ ለሚውል ነገር አትጠቀሚ፣ ሙቀት ጣዕሙን ያጠፋዋል።

አሁን ዋናው። እናትሽ የሚወስዱት ሜትፎርሚን ብቻ ከሆነ ብዙም አያሰጋም። ግሊበንክላማይድ ወይም ኢንሱሊን ከሆነ ግን ምግባቸው ላይ ካርቦሃይድሬቱን በአንዴ ስትቀንሺ መድኃኒቱ ስኳራቸውን ከልክ በታች ሊያወርደው ይችላል። ላብ ላብ ካላቸው፣ ከተንቀጠቀጡ፣ ግራ ከተጋቡ ለኪያቸው። ከ70 በታች ከሆነ ቶሎ 3 ወይም 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጠሽ ስጫቸው። ስቴቪያ በዚያች ሰዓት ምንም አይረዳም። ስለዚህ ስኳርን ከምግባችሁ አስወጡ እንጂ ከቤት ጨርሳችሁ አታስወጡ፣ አንድ እሽግ በሚታወቅ ቦታ ይቀመጥ። የምግብ ለውጡንም፣ ጾሙንም ለሐኪማቸው ንገሩ፣ የመድኃኒቱ መጠንና ሰዓት መስተካከል ሊኖርበት ይችላል።

አዲስ ነገር ስትሰሪላቸው ከመብላታቸው በፊት ለኪያቸው፣ ከበሉ ከሁለት ሰዓት በኋላም ድገሚው። ለብዙ ሰው ከ180 በታች ከሆነ ደህና ነው። የሁሉም ሰው ሰውነት አንድ አይደለም።

የዘጌ ቡና

ለጾሙ እኔ አለሁ። እኛ ቤት ሁለት ሰው ስኳር አለበት፣ ጾም ሲገባ ደግሞ እንቁላሉም ቅቤውም ይወጣል።

አቮካዶ! ባህር ዳር ተቀምጠን አቮካዶ እያለን ለምን እንቸገራለን? ጁስ ቤት ሄደን በስኳርና በቪምቶ ስናበላሸው ኖርን እንጂ። ፍሬው ራሱ በ100 ግራም 9 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት አለው፣ ከዚያ አብዛኛው ፋይበር ነው።

የበሰለ 2 አቮካዶ፣ 3 የሾርባ ማንኪያ ካካዎ ዱቄት፣ ማጣፈጫሽን፣ ቁንጥጫ ጨው። ከዚያ አንድ ሲኒ ወፈር ያለ ቡና፣ የቀዘቀዘ፣ አተላው በደንብ የተጣለ። እኔ የዘጌውን ነው የማፈላው፣ ቡናው የካካዎውን ጣዕም ያወጣዋል፣ የአቮካዶውንም ሣር ሣር የሚል ነገር ይሸፍነዋል። ብሌንደር ውስጥ ማንኪያ ላይ እንደ ቅባት እስኪንሸራተት ምቺው። በትንንሽ ብርጭቆ ከፋፍለሽ ፍሪጅ ውስጥ ሁለት ሰዓት አቆዪው። ካካዎውን ስትገዢ ግን ንጹሁ መሆኑን እዪ፣ ለመጠጥ የሚሸጠው ግማሽና ከዚያ በላይ ስኳር ነው።

አቮካዶው መድረሱን የምታውቂው ጭራው ጋ ያለችውን ቁንጮ በጥፍርሽ ስትነቅያት ነው። ከሥሯ አረንጓዴ ከሆነ ግዢው፣ ቡናማ ከሆነ ውስጡ ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል።

ለእንቁላል ምትክ ደግሞ ተልባ። አንድ የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ በ3 የሾርባ ማንኪያ ውሃ በጥብጪና 10 ደቂቃ ተዪው፣ እንደ እንቁላል ነጭ ይጎተታል። ኬክ አያስነፋልሽም፣ ያያይዛል እንጂ። ስለዚህ ኬክ ሳይሆን ብስኩት ነው የሚሰራበት። የለውዝ ዱቄት፣ የታመሰ ሰሊጥ፣ ተልባው፣ ቀረፋ፣ በእጅሽ ጠፍጠፍ አድርገሽ ሳሳ ባለ እሳት። ትኩሱን ካነሳሽው ይፈርሳል፣ ይቀዝቀዝ።

ቀበሌ 14

ሁላችሁም ጥሩ ብላችኋል። እኔ አንድ ነገር ልበል፣ እዚህ ላይ ከአብዛኛው ሰው ትንሽ እለያለሁ። ምላስ ይለምዳል። እኔ ስኳር እንዳለብኝ ከታወቀ ጀምሮ ማጣፈጫውን በየወሩ ትንሽ ትንሽ እየቀነስኩ አሁን ከመጀመሪያው ሲሶውን ብቻ ነው የማደርገው፣ እና አልጎደለብኝም። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2023 እ.ኤ.አ. ክብደት ለመቀነስ ብላችሁ በማጣፈጫዎች አትደገፉ የሚል ምክር አውጥቷል። ምክሩ ስኳር ያለበትን ሰው አይመለከትም ተብሏል፣ ቢሆንም እኔ በልክ መሆኑን እወዳለሁ።

ለዚህ ደግሞ አይብ ይረዳል፣ ራሱ ለስላሳ ስለሆነ ብዙ ማጣፈጫ አይጠይቅም። ያልኮመጠጠ ለጋ አይብ ግማሽ ኪሎ በነጠላ ጨርቅ ቋጥሪና አሳድሪው፣ ውሃው በደንብ ይውጣ። ጠዋት ከ3 እንቁላልና ከግማሽ ሎሚ ልጣጭ ጋር ብሌንደር ውስጥ አድርጊው፣ በእጅ ከሆነ ፍርፍር ይላል። ሎሚውን አረንጓዴው ልጣጭ ብቻ ፋቂ፣ ነጩ ይመራል። ከዚያ ቆርቆሮውን ሙቅ ውሃ ያለበት ትሪ ውስጥ አስቀምጠሽ ቀስ አድርገሽ ጋግሪው። መሃሉ ትንሽ ሲንቀጠቀጥ አውጪው፣ ሲቀዘቅዝ ይጸናል።

የጣና ዳሯ

እግዚአብሔር ይስጣችሁ ሁላችሁንም። ሁለት ሳምንት ቆይቼ የመጣሁት ሞክሬ ልንገራችሁ ብዬ ነው።

የእማዬን መድኃኒት ለሐኪሟ ጠየቅን፣ ሜትፎርሚን ብቻ ነው። ስኳር አንድ እሽግ መደርደሪያው ላይ አስቀምጠናል፣ ታናሽ ወንድሜም የት እንዳለ ያውቃል።

ለውዙን የመጀመሪያ ቀን የለውዝ ቅቤ አደረግኩት፣ ልክ እንዳልሽው እህቴ ዓባይ ማዶ። በሁለተኛው ተሳካ። እሁድ ጠዋት መብራት ስላልነበረ በከሰል ጋገርኩት፣ ክዳኑ ላይ ፍም ሳደርግ እማዬ ራሷ መጥታ "ይሄ በዛ፣ ቀንሺው" እያለች በጉጠት ታነሳልኝ ነበር። ድፎ ስትጋግር የኖረች ሴት ናት፣ እሳቱን ከኔ ይልቅ እሷ ታውቀዋለች። ጠርዙ ትንሽ ጠቆረ፣ መሃሉ ግን አልጎደጎደም።

ከመብላቷ በፊት 131 ነበር። አንድ ቁራጭ ከሻይ ጋር በላች፣ ሻዩ ያለ ስኳር። ከሁለት ሰዓት በኋላ 148። ሁለቴ ነው የለካሁት፣ አላመንኩም።

የአቮካዶውን ለረቡዕ አስቤዋለሁ። ዓባይ ማዶ፣ እማዬ አንድ ነገር ጠይቂልኝ ብላኛለች፦ ኮረሪማውን ከሊጡ ጋር ከማድረግ ይልቅ ቅቤው ሲቀልጥ አብሮ ቢገባ አይሻልም ወይ ትላለች።

ዓባይ ማዶ

ይሻላል! እንዴት እስከዛሬ አላሰብኩትም። ለእናታችን ጤና ይስጥልኝ በይልኝ፣ የፊታችን እሁድ እሳቸው እንዳሉት አደርገዋለሁ።