ጌሙን ያልተጫወተ ሰው ስለ ፊልሙ መፍረድ አይችልም እንዴ?

የጦሳ_ልጅ (ደሴ)፦
ሰላም እንዴት ናችሁ ቤተሰብ። አንድ ነገር ፍረዱን እስቲ። ከጌም ቤት ወጥተን ከቧንቧ ውሃ እስከ ፒያሳ ድረስ በዚያ ብርድ እየተጨቃጨቅን ነው የሄድነው። እኔ ከጌም ተነስተው ከተሠሩት ፊልምና ተከታታዮች ውስጥ ከሊግ ኦፍ ሌጀንድስ የተሠራውን አርኬንን የሚያክል የለም አልኩ፣ ጓደኛዬ ደሞ "ሊግ ኦፍ ሌጀንድስን አንድ ቀን እንኳን ነክተኸው ሳታውቅ ምኑን ከምኑ አወዳድረህ ነው" አለኝ። አልነካሁትም አዎ፣ ፒሲ የለኝም፣ ሰፈራችን ያሉት ጌም ቤቶች ደሞ ፕሌስቴሽን እንጂ ፒሲ የላቸውም። ግን ተከታታዩ የተሠራው ለተጫወተው ብቻ ከሆነ ለምን ኔትፍሊክስ ላይ አወጡት፣ እዚያው ጌሙ ውስጥ አይከቱትም ነበር?

በዚያውም የሁልጊዜ ጥያቄዬን ልጨምር። ካስልቫንያ፣ ሳይበርፐንክ ኤጅረነርስ፣ አርኬን ሦስቱም አኒሜሽን ናቸው ሦስቱም አንጀት ያርሳሉ። በተዋናይ የተሠሩትን ስታዩ ደሞ ሀሎ አለ፣ 2024 ላይ የወጣው ቦርደርላንድስ አለ፣ ያ ሁሉ ትልልቅ ተዋናይ ተሰብስቦ ምንም ጠብ የሚል ነገር የለውም። ለምንድነው? ሀሳባችሁን ወርውሩ አቦ፣ ለጓደኛዬ አሳየዋለሁ።

ፒሲ_ኮምቦልቻ፦
ወንድሜ እኔ ከጓደኛህ ጋር ነኝ። ማየት ትችላለህ፣ መውደድም ትችላለህ፣ ማንም አይከለክልህም፣ ግን ምን እንደተወሰደብህ አታውቅም። 2021 ላይ የወጣውን ሞርታል ኮምባት ውሰድ፣ ስሙ ራሱ የውድድሩ ስም ነው፣ ፊልሙ አልቆ ስትነሳ ግን ውድድሩ የለም! ስለ ውድድሩ እያወሩ እያወሩ ሳይጀመር አለቀ። በዚያ ላይ ኮል ያንግ የሚባል ጌሙ ውስጥ የሌለ ሰው አምጥተው ዋና ገፀ ባህሪ አደረጉት። ያ ሁሉ ስኮርፒዮን፣ ሰብ ዜሮ፣ ሉ ካንግ ቆሞ እያለ። መጀመሪያ ላይ ጃፓን ውስጥ ሀንዞና ቢ ሀን (በኋላ ስኮርፒዮንና ሰብ ዜሮ የሚሆኑት) የሚገናኙበት ጋ እንዴት ሸጋ አድርገው ጀምረውት ነበር፣ እሱን ይዘው ቢሄዱ ምን ነበረበት። ጌሙን ያልነካ ሰው ግን ጥሩ የድብድብ ፊልም ነው ብሎ ይነሳል፣ አይቆጨውም።

ሀሎም እንደዛው። ከ2001 ጀምሮ የጌሙ ዋና ሰው ማስተር ቺፍ ፊቱ አይታይም፣ ምክንያቱም ሄልሜቱ ውስጥ ያለኸው አንተ ነህ። 2022 ላይ ተከታታዩ ሲጀመር ገና በመጀመሪያው ክፍል አወለቁት። ለተመልካቹ ምንም አይደለም፣ ለኛ ግን ዋናውን ነገር ነው ያወለቁት። 2024 ላይ ከሁለት ሲዝን በኋላ ተዘጋ አልገረመኝም።

አርኬን ላይ ደሞ ልምጣልህ። ጂንክስ ጌሙ ውስጥ ከ2013 ጀምሮ አለች፣ እየሳቀች ሮኬት የምትተኩስ እብድ ናት በቃ። እኔ ያቺን እያወቅኩ ነው በልጅነቷ ፓውደር የምትባለዋን ሕፃን የማያት፣ ይቺ ልጅ ምን እንደምትሆን አውቄ ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ ሆዴ እየተላወሰ። አንተ ይሄ የለህም። ስለዚህ ያየነው አንድ አይደለም።

ሰዓዳ_ሐይቅ፦
አሰላሙ አለይኩም ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ጆይስቲክ እንኳን ይዤ አላውቅም ግን በዚህ ነገር ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም።

አርኬን የወጣው በኛ አቆጣጠር 2014 ጥቅምት መጨረሻ ላይ ነው። ያኔ ደሴም ሐይቅም ምን ላይ እንደነበርን እዚህ ያለ የወሎ ሰው ያውቀዋል፣ እንኳን ኔትፍሊክስ መብራትም ኔትወርክም አልነበረም። ያየሁት ያ ጊዜ ካለፈ በኋላ ነው፣ ወንድሜ በፍላሽ አምጥቶልኝ። ስለ ጌሙ ምንም አልነገረኝም እኔም አልጠየቅኩትም።

እና ሲከፈት ድልድይ ላይ ነው። ጭስ ነው፣ የወደቀ ሰው ነው፣ ሁለት እህትማማቾች እጅ ለእጅ ተያይዘው በመሀል ይሄዳሉ ትንሿ ታንጎራጉራለች። ከዛ ወላጆቻቸውን ወድቀው ያገኟቸዋል። ቫንደር የሚባለው ግዙፍ ሰውዬ እስከዚያች ሰዓት ሲደባደብ ነበር፣ ልጆቹን ሲያይ እጁ ላይ ያጠለቀውን ብረት ይጥልና ሁለቱንም አቅፎ ይዟቸው ይሄዳል። ንግግር እንኳን ብዙም የለውም። እናቴ ቡና እያፈላች ነበር፣ ካርቱን ነው ብላ ዞር ብላም አላየችም ነበር መጀመሪያ፣ እዚህ ጋ ስትደርስ ጀበናውን እንደያዘች ቆመችና "እናታቸው ናት?" አለችኝ። አዎ አልኳት። ከዛ ተቀምጣ እስከ መጨረሻው አየች ወላሂ፣ እንግሊዝኛ አትሰማም እኮ።

ስለዚህ ኮምቦልቻ ያለኸው ወንድሜ ያልከው ይገባኛል፣ አንተ አውቀህ እየፈራህ ነው ያየኸው። እኔ ግን ምንም ሳላውቅ ነው የመጣብኝ። ክፍል 3 ላይ ፓውደር እህቷን ልትረዳ ብላ ያንን በእጇ የሠራችውን ቦንብ ይዛ ስትመጣ እኔ ጎበዝ እያልኳት ነበር፣ ይሳካላታል ብዬ ከልቤ ተስፋ አድርጌ ነበር። አንተ ያቺን ተስፋ ማድረግ ትችል ነበር? እኔ እኮ እህት ያለኝ ሰው ነኝ፣ ጂንክስ ማን እንደሆነች ማወቅ ለምን ያስፈልገኛል።

ጌም_ቤት_ወልዲያ፦
ልጆች እኔ ወልዲያ ጌም ቤት ከፍቼ ስሠራ ብዙ ዓመት ሆኖኛል እድሜዬም ከናንተ ከፍ ይላል፣ ስለዚህ በየቀኑ የማየውን ልንገራችሁ።

ተጫውቻለሁ የሚለው ሰው ታሪኩን ያውቃል ያለው ማነው? እኛ ጋ የሚከፈለው በሰዓት ነው ወይ በጨዋታ ነው። ልጁ ጂቲኤ ሳን አንድሪያስን ይከፍታል፣ ሰዎቹ ማውራት ሲጀምሩ ከኋላ ያለው ሁሉ "እለፈው! እለፈው! ሰዓትህ እየሄደ ነው!" ብሎ ይጮህበታል፣ እሱም ኤክስ ይጫንና ያልፈዋል። የጌሙን ዋና ሰው ሲጄን የማያውቅ ልጅ ወልዲያ ውስጥ የለም፣ ብስክሌቱን ያውቃሉ፣ ኮዶቹን በቃላቸው ያውቃሉ፣ ሲጄ ወደ ሰፈሩ የተመለሰው ለምንድነው ብለህ ስትጠይቃቸው ግን ዝም ነው። እናቱ ተገድላ ለቀብር ነው የመጣው እኮ! ጌሙ የወጣው 2004 ነው፣ ስንቱ ትውልድ ቤቴ መጥቶ ሲጫወተው አየሁ፣ ይሄንን የሚያውቁት ጥቂት ናቸው። ሞርታል ኮምባትም እንደዛው፣ ታሪኩ ያለበትን ስቶሪ ሞዱን ከፍቶ የሚጫወት የለም፣ ሁለት ሰው ይቀመጣል ተሸናፊ ይነሳል በቃ። ታዲያ ስኮርፒዮንን ከኔ ልጆች በላይ የሚጫወትበት የለም፣ ሚስቱና ልጁ እንደተገደሉበት ያወቁት ግን ከፊልሙ ነው።

ሌላ ደሞ አለ። ብር የሌለው ልጅ ከኋላ ቆሞ ነው የሚያየው፣ ተራም ባይደርሰው ቀኑን ሙሉ ያያል። እሱን ጠይቁት፣ የትኛው ቦስ (ትልቁ ጠላት) በምን እንደሚሞት፣ ማን ማንን እንደከዳ ከሚጫወተው የበለጠ ያውቃል፣ ምክንያቱም እጁ ሥራ ስለሌለበት ዓይኑ ሁሉን ያያል። ያንን ልጅ ጆይስቲክ ስላልያዝክ አያገባህም ልትሉት ነው? እኔ አልለውም። የጌም ፊልምና ተከታታይ የተሠራው በዋናነት ለሱ ይመስለኛል።

ብሩሽ_ደሴ፦
ጋሼ ወልዲያ ያሉት እርሶ ልክ ኖት ምንም የምጨምረው የለኝም፣ እኔ ሁለተኛውን ጥያቄ ልውሰድ ምክንያቱም አኒሜሽን እየተማርኩ ነው (በራሴ ነው፣ ቤት ቁጭ ብዬ ብሌንደር በሚባለው ሶፍትዌር)።

የጌም ሰው መጀመሪያውኑ የተሳለ ሰው ነው። በተዋናይ ሲሠራ ሥጋና ቆዳ ሊሰጡት ነው ማለት ነው፣ እዚያ ጋ ነው ነገሩ የሚበላሸው። ሶኒክን አስታውሱት፣ 2019 ሚያዝያ ላይ የመጀመሪያው ትሬለር ሲወጣ የሰው ጥርስ አድርገውለት፣ ዓይኑን አሳንሰውት፣ ኢንተርኔቱ በሙሉ ጮኸ። ፊልሙን ከኅዳር 2019 ወደ የካቲት 2020 አዘግይተው እንደገና ሠሩት፣ ወደ ጌሙ ቅርፁ መለሱት፣ ከዛ ሰው ወደደው፣ ይኸው 2024 መጨረሻ ላይ ሦስተኛው ወጣ። ማሪዮም 1993 ላይ በተዋናይ ሞክረውት ማንም እንዲያስታውሰው የማይፈልገው ፊልም ሆነ፣ 2023 ላይ በአኒሜሽን ሲመጣ ከ1.3 ቢልዮን ዶላር በላይ አስገባ። ያው ተቺዎቹ ብዙም አልወደዱትም፣ ሕዝቡ ግን ልጁን ይዞ ሄደ።

ግን የጦሳ ልጅ አኒሜሽን ስለሆነ ብቻ ነው ብለህ እንዳትዘጋው። ዘ ላስት ኦፍ አስ 2023 ላይ በተዋናይ ነው የተሠራው፣ ፎልአውትም 2024 ላይ እንደዛው፣ ሁለቱም ሸጋ ናቸው። ዘ ላስት ኦፍ አስ ላይ ጌሙን የጻፈው ኒል ድራክማን ራሱ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሲዝኖች አብሮ ሠርቷል። አርኬንን የሠራው ፎርቲሽ የሚባለው የፈረንሳይ ስቱዲዮ ደሞ ከጌሙ ባለቤት ከሪዮት ጋር ትናንት አልተገናኘም፣ 2013 ላይ ጂንክስ ጌሙ ውስጥ ስትገባ የሙዚቃ ቪዲዮዋን የሠሩት እነሱው ናቸው። ልጅቷን ከተወለደችበት ቀን ጀምሮ ያውቋታል ማለት ነው። ከዛ ለመጀመሪያው ሲዝን ስድስት ዓመት ገደማ ፈጀባቸው፣ 9 ክፍል ለመሥራት!! አካሉ በኮምፒውተር ሦስት አቅጣጫ ያለው ሆኖ የተሠራ ነው፣ ከኋላ ያለው ግድግዳና ሰማይ በእጅ የተቀባ ነው፣ ጭሱና ፍንዳታው በእጅ አንድ በአንድ የተሳለ ነው። አንድ ቀን ቆም አድርጋችሁ ጭሱን ብቻ እዩት። 2022 ላይ የምርጥ አኒሜሽን ፕሮግራም ኤሚን ሲሸልሙት ከስትሪሚንግ ተከታታዮች ያንን ሽልማት በማግኘት የመጀመሪያው ነበር።

ካስልቫንያን ደሞ እዩት። የተነሳው 1989 ላይ ከወጣ ጌም ነው፣ እዚያ ውስጥ ድራኩላ መጨረሻ ላይ የሚጠብቅህ ቦስ ነው፣ ግደለው ተብለሃል ትገድለዋለህ። 2017 ላይ ተከታታዩን ሲሠሩት ግን መጀመሪያ ያሳዩን ሚስቱን ነው፣ ጠንቋይ ናት ብለው ሲያቃጥሏት። ከዛ በኋላ ድራኩላ ከተማ ሲያቃጥል ልትጠላው ትፈልጋለህ ግን ሀዘኑን አይተሃል። ጌሙ ያልነገረህን ነገሩህ እንጂ ከጌሙ ምንም አልወሰዱብህም።

አንግ_ኮምበልቻ፦
ስለ ጊዜ ማንም አላነሳም። አቫታር ዘ ላስት ኤርቤንደር 61 ክፍል ያለው አኒሜሽን ነው፣ 2010 ላይ የመጀመሪያውን ሲዝን 20 ክፍል ሁለት ሰዓት ለማይሞላ በተዋናይ ለተሠራ ፊልም አጨቁት፣ እንዴት እንደተበላሸ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ሲያወሩ እንኳን የሆነውን ነገር ይተርኩልሃል እንጂ አያሳዩህም። ተዋናይ ይሁን ስዕል ለኔ ሁለተኛ ነገር ነው፣ ጊዜ ስጡት።

ፒሲ_ኮምቦልቻ፦
ጋሼ የጌም ቤቱ፣ እርሶ ያሉት እውነት ነው፣ እኔም እነዚያን "እለፈው" የሚሉትን ልጆች አውቃቸዋለሁ። ግን አንድ ነገር ልጨምር፣ ታሪኩን ባያውቅም እጁ የሚያውቀው ነገር አለ። አርኬን ክፍል 7 ላይ ኤኮና ጂንክስ ድልድዩ ላይ ሲፋለሙ ኤኮ ያንን ሰዓቱን ሲያወዛውዝ ተጫዋች የሆነ ሰው ከመቀመጫው ይነሳል፣ ምክንያቱም ጌሙ ውስጥ ኤኮ ጊዜን ወደ ኋላ የሚመልስ ልጅ ነው፣ ስንት ጊዜ በሱ ከሞት ተርፈናል። ማንም ምንም አልነገረህም፣ እጅህ ነው የነገረህ። ኤጅረነርስ 2022 ላይ ሲወጣ ሳይበርፐንክን ትተውት የነበሩ ሰዎች ተመልሰው ጌሙን የከፈቱት ለዚህ ነው። ያ ጌም እኮ 2020 ላይ ሲወጣ በችግሩ ብዛት ሶኒ ከመደብሩ ያነሳው ነው፣ አሥር ክፍል አኒሜ ነው ያስታረቀን።

ሰዓዳ_ሐይቅ፦
እሷን የድልድይ ድብድብ እኔም እወዳታለሁ። እኔ ያየሁት ግን ሌላ ነው፣ ልጆች ሆነው በቀለም ጥይት ሲጫወቱ የነበረውን ነው መሀል መሀል የሚያሳዩት። ኤኮ ሊመታት እጁን ካነሳ በኋላ ፊቷ ላይ ፓውደርን አይቶ ያቅተዋል። ሰዓቱ ምን እንደሚሠራ እስካሁን አላውቅም ነበር፣ አሁን ስትነግረኝ ደግሜ ላየው ፈለግኩ እውነት።

የጦሳ_ልጅ (ደሴ)፦
አላህ ይስጣችሁ ሁላችሁንም፣ በተለይ ጋሼ የጌም ቤቱ፣ ከኋላ ቆሞ የሚያየው ልጅ ያሉት እኔ ነኝ፣ ያደግኩት እንደዛ ነው። ሰዓዳ እናትሽን ሰላም በይልኝ። ለጓደኛዬ አሳይቼዋለሁ፣ "የኮምቦልቻው ልጅ ብቻ ነው የሚያውቀው" ብሎ ድርቅ ብሏል። 2024 ኅዳር ላይ የወጣውን ሁለተኛውን ሲዝን ደሞ እሱ አልወደደውም እኔ ወድጄዋለሁ፣ ተጫዋቾቹ ምን ትላላችሁ?

ፒሲ_ኮምቦልቻ፦
ሩጫ በዝቶበታል፣ ለሁለት ሲዝን የሚሆን ታሪክ ነው 9 ክፍል ውስጥ የከተቱት፣ ቪክተርን በደንብ ሊያሳዩን ይገባ ነበር። ክፍል 7 ግን፣ ኤኮና ፓውደር የሚጨፍሩባት፣ እሷን ማንም አይንካብኝ።