የሰርቨራችን ራም ድልድል፦ ለጉባኤው የሚቀርብ ረቂቅ ላይ ውይይት

ሰብሳቢ (ደሴ)፦ አሰላሙ አለይኩም፣ ጤና ይስጥልኝ። ሰኔ ሳይገባ አንድ ረቂቅ ይዘን ጉባኤው ፊት መቅረብ አለብን። ሰርቨሩ ያለው ራም 64 ጊጋ ነው። ያደልነው ግን የሒሳብ ፕሮግራሙ ፒችትሪ ለሚሠራበት ዊንዶውስ 24፣ ለዳታቤዙ 16፣ ለፋይል ማጋሪያው 8፣ ለድረ ገጹ 8፣ ለሦስቱ የሠልጣኝ ማሽኖች ደግሞ ለእያንዳንዳቸው 8። ደምሩት፣ 80 ይመጣል። እስቲ ሐሳብ አምጡ።

አባል (ኮምቦልቻ)፦ ወላሂ እኔን 80ው አያስደነግጠኝም። ቪኤሙ (ሰርቨሩ ውስጥ ራሱን ችሎ የሚሠራው ምናባዊ ማሽን) ያልነካውን ራም ሆስቱ (ሰርቨሩ ራሱ) አይከፍልበትም። ራም ውስጥ ያሉ ተመሳሳይ ገጾችን ኬኤስኤም የሚባለው የሊኑክስ ዘዴ ያዋህዳል፣ ከሠልጣኞቹ የተረፈውን ባሉኒንግ የሚባለው ዘዴ ለሆስቱ ይመልሳል። ከሰዓት በኋላ በገባሁ ቁጥር የማየው 45 ጊጋ አካባቢ ነው። ባለበት እንተወው፤ ገንዘብ ከተገኘ ራም እንጨምር።

አባል (ወልድያ)፦ ወንድሜ፣ ከሰዓት ያየኸውን ተወውና መብራት ሄዶ ሲመጣ ያለውን አስብ። ያኔ ሁሉም ቪኤም እኩል ይነሣል። ዊንዶውስ ሲነሣ የተሰጠውን ራም በዜሮ ስለሚጠርገው፣ በወረቀት የሰጠኸው 24 በአንዴ እውነተኛ 24 ይሆናል። ባሉኑ የሚሠራው ድራይቨሩ ከተነሣ በኋላ ነው። ኬኤስኤምም ቢሆን ቀስ እያለ እያሰሰ ነው የሚያዋህደው፤ ቪኤሞቹን የሚያስተዳድርልን ፕሮክስሞክስ ላይ ደግሞ የሆስቱ ራም 80 በመቶ ገደማ ካልደረሰ ሥራ አይጀምርም። ከሰዓት በኋላ ያተረፍነው ሁሉ ጠዋት በዚያች ሩብ ሰዓት የለም።

ራም ሲያልቅ ደግሞ የሆስቱ ሊኑክስ ከርነል (የሥርዓቱ እምብርት) በብዛት የያዘውን ፕሮሰስ (በሥራ ላይ ያለ ፕሮግራም) መርጦ ይገድላል። እኛ ዘንድ በብዛት የያዘው ማን ነው? ፒችትሪው። ይኼ ሰኔ 30 ላይ ቢሆንስ?

ገንዘብ ያዥ (ደሴ)፦ ሰኔ 30 ስትሉ ነቃሁ። ያን ሰሞን ሒሳብ ይዘጋል፣ የንብረት ቆጠራ አለ፣ መድኃኒት ቤቱም የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴውም በሪሞት ገብተው እስከ ማታ ያመሻሉ። ካሁኑ ልንገራችሁ፣ ለራም መግዣ የሚሆን ገንዘብ ካዝናው ውስጥ የለም። ያለውን ደልድሉ፤ ፒችትሪውን ብቻ እንዳትነኩብኝ።

አባል (ወልድያ)፦ አብሽሪ እቴ። ነክተነውም አይጎዳም። ባለፈው ወር መጨረሻ ሁሉም ገብቶ እየሠራ ሳለ ዊንዶውሱ ውስጥ ገብቼ ታስክ ማናጀሩን አየሁት፤ ኮሚትድ የሚለው (ፕሮግራሞቹ የጠየቁት ጠቅላላ ማህደረ ትውስታ) 13 ጊጋ አካባቢ ነበር። 16 ቋሚ አድርገን ብንሰጠው ለሰኔም ትርፍ አለው። ከውጭ በፕሮክስሞክሱ ገጽ ካያችሁት ግን ሁሌም ሙሉ ነው የሚመስላችሁ፤ እዚያ ዊንዶውስ ላይ የባሉን አገልግሎቱ አልተጫነም። እሱንም እንጫነው።

ዳታቤዙም እንዲሁ ነው። ሊኑክስ ሥራ የፈታ ራም ካገኘ ለፋይል ካሽ (ለፋይሎች ጊዜያዊ ማቆያ) ያውለዋል፣ ስለዚህ «ሞልቷል» ማለት «ጠቦታል» ማለት አይደለም። ፍሪ የሚለውን ትእዛዝ ስትሰጡ አቬይለብል የሚለውን ዓምድ (ለሥራ ሊሰጥ የሚችለውን) እዩ። 12 ይበቃዋል። የዳታቤዙን ፕሮግራም የፖስትግሬስን ሼርድ በፈር (ለራሱ የሚይዘውን የጋራ ራም) ግን ከ4 ወደ 3 ማውረድ እንዳይረሳ፤ የተለመደው መነሻ የራሙ ሩብ ነው።

አባል (ሐይቅ)፦ ሁላችሁም ሆስቱን ረስታችሁታል! ዲስኩ በዜድኤፍኤስ (ራም ለካሽ በሚይዝ የፋይል ሥርዓት) ነው የተሠራው፣ የተጫነውም ከፕሮክስሞክስ 8.1 በፊት ነው። ስለዚህ የካሹ ጣሪያ የራሙ ግማሽ ነው፣ 32 ጊጋ። ሲጠየቅ ይለቃል ይባላል፤ ይለቃል፣ ግን ቪኤሞቹ ተሽቀዳድመው ሲነሡ የሚደርስበት ፍጥነት የለውም። ከ8.1 ወዲህ የሚጫነው ግን ጣሪያው 10 በመቶ ነው። እኛም 6 ላይ እንገድበው፤ ለሆስቱ ለራሱ ደግሞ 4 ይቀመጥለት።

ሰብሳቢ፦ እንግዲህ ረቂቁ ይኼን ይመስላል። ለሆስቱ ከነካሹ 10። ፒችትሪ 16፣ ዳታቤዝ 12፣ ሁለቱም ቋሚ፣ ባሉን የማይነካቸው። ፋይል ማጋሪያ 4፣ ድረ ገጽ 4። ሠልጣኞች ለእያንዳንዳቸው ከ2 እስከ 4። ሁሉም ጣሪያው ላይ ቢደርስ እንኳ 58 ነው። የቀረው 6 ጊጋ ለማንም አይታደል።

አባል (ኮምቦልቻ)፦ ጋሼ፣ አንቱ ካሉ እሺ፤ ግን 6 ጊጋ ጾሙን ማደሩ አሁንም አይዋጥልኝም። ሠልጣኞቹ ዶከር (ፕሮግራሞችን ለይቶ ማስኬጃ) ሲከፍቱ በ4 ጊጋ ይንቆራጠጣሉ። ቢያንስ ከሐምሌ በኋላ እንደገና ይታይ የሚል ይግባበት። ደግሞ የአነሣሣቸውን ተራም ጻፉት፦ ዳታቤዙ መጀመሪያ፣ ከሁለት ደቂቃ በኋላ ፒችትሪው፣ ሠልጣኞቹ በራሳቸው አይነሡ፤ የፈለገ ሰው ገብቶ ያስነሣ።

አባል (ወልድያ)፦ ይኼኛው ከእኔም ሐሳብ ይሻላል። ይግባ።

ሰብሳቢ፦ ሁለቱም ገብተዋል። ጉባኤው «ሞክራችሁታል ወይ?» ማለቱ አይቀርም።

አባል (ኮምቦልቻ)፦ ቅዳሜ የሐረጎን ዳገት ወጥቼ እመጣለሁ። አዲሱን ድልድል አስገብተን፣ ማሽኖቹን በሥርዓት ዘግተን ሶኬቱን እንነቅላለን፤ ከዚያ መልሰን ሰክተን ስንት ጊጋ ላይ እንደሚደርስ እንመዘግባለን።

ገንዘብ ያዥ፦ ሶኬቱን ከመንካትህ በፊት የፒችትሪውን ባክአፕ በሃርድ ዲስክ አምጥተህ እጄ ላይ አስቀምጥ።