በጁኖ የተሸለመ ነጠላ ዜማ በግራሚ ለምን ሳይታጭ ቀረ?

ጠያቂ፦ ከኢትዮጵያውያን ወላጆች በቶሮንቶ የተወለደው አቤል ተስፋዬ፣ በመድረክ ስሙ ዘ ዊኬንድ፣ እ.ኤ.አ. በ2021 «ብላይንዲንግ ላይትስ» በተሰኘው ሥራው የካናዳን የጁኖ የዓመቱ ምርጥ ነጠላ ዜማ ሽልማት ወስዷል። በዚያው ዓመት በተካሄደው የአሜሪካ ግራሚ ግን ዘፈኑ በአንድም ዘርፍ አልታጨም። ካናዳ ልጇን ስላከበረች ብቻ ነው እንዳልል፣ ዘፈኑ በአሜሪካው ቢልቦርድ የመቶ ዘፈኖች ሰንጠረዥ ላይ 90 ሳምንታት ቆይቷል። ልዩነቱ ከምን የመጣ ይመስላችኋል?

የቶሮንቶ ነዋሪ፦ ጁኖ ከመነሻው የአገር ውስጥ ሙዚቃን ለማሳደግ የታሰበ ነው። ስሙን ያገኘው ከፒየር ጁኖ ሲሆን፣ እኚህ ሰው የመሩት የብሮድካስት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት የራዲዮ ጣቢያዎች ከሚያሰሙት ሙዚቃ 30 በመቶው የካናዳ ሥራ እንዲሆን እ.ኤ.አ. ከ1971 ጀምሮ ያስገደደ ነበር። ስለዚህ ዘፈኑ በጁኖ የተወዳደረው ከካናዳውያን ሥራዎች ጋር ነው፤ ይህ ግን ክብሩን አያሳንሰውም፤ አቤል ይህንኑ ዘርፍ በ2016ም አሸንፏል።

አቀናባሪ፦ የቶሮንቶው ወንድማችን ስለ ጁኖ ያሉት ትክክል ነው፤ እኔ ግን ዋናው ምክንያት በግራሚ አሠራር ውስጥ ያለ ይመስለኛል። በዚያን ጊዜ ግራሚን የሚሰጠው አካዳሚ አባላት በመጀመሪያው ዙር ድምፅ ከሰጡ በኋላ፣ በዋና ዋና ዘርፎች የመጨረሻዎቹን እጩዎች የሚለየው ስማቸው የማይገለጽ ሰዎች ያሉበት ኮሚቴ ነበር። ብዙ ድምፅ ያገኘ ሥራ እንኳ እዚያ ሊወድቅ ይችል ነበር። አቤል ሥራዎቹን ከእንግዲህ ለግራሚ እንደማያቀርብ ካስታወቀ በኋላ፣ አካዳሚው በ2021 እነዚህን ኮሚቴዎች ከአብዛኞቹ ዘርፎች አስቀርቷል። ድምፅ የሰጠ አባል ድምፁ የት እንደደረሰ ሳያውቅ የሚሰጥ ሽልማት ሊታመን አይችልም ብዬ አምናለሁ።

ከዚሁ ጋር አንድ ነገር ልጨምር። እኛ «ነጠላ ዜማ» ስንል ዜማውን እንጠራለን፤ በአልበሞቻችን ሽፋን ላይም ግጥም፣ ዜማና ቅንብር የማን እንደሆኑ ለየብቻ ይጻፋል። ግራሚ ቢያንስ ይህን ይለያል፤ አንዱ ሽልማት ለተቀረጸው ሥራ፣ ሌላው ለዘፈኑ ደራሲዎች ነው። ይህን ዘፈን አቤልን ጨምሮ አምስት ሰዎች ጽፈውታል፤ ጁኖ ምርጥ ነጠላ ዜማ ብሎ የጠራው ግን ድምፃዊውን ነው።

ጠያቂ፦ ከልብ አመሰግናለሁ። አምስት ደራሲዎች እንዳሉት አላውቅም ነበር፤ ስለ ማን ተሸለመ ብቻ ስጠይቅ ስለ ማን ሠራው መጠየቅ ረስቼ ነበር።