«አዝነናል» ማለት ይቅርታ ነው ወይ? የቦይንግ መግለጫ ዛሬም ያከራክራል

ቃል በቃል፦
ከትናንት ጀምሮ ሆዴን ያቃጠለኝን ነገር ላካፍላችሁ። ለሕዝብ ግንኙነት ሠራተኞች ሥልጠና ነበረን። ርዕሱ የቀውስ ጊዜ ኮሙኒኬሽን ነው። አሠልጣኙ የቦይንግን የቀድሞ ዋና ሥራ አስፈጻሚ የዴኒስ ሙይለንበርግን ቪዲዮ ከፈተና «ይቅርታ የሚጠየቀው እንዲህ ነው፣ ከዚህ ተማሩ» አለን። መጋቢት 26 ቀን 2011 የወጣው ቪዲዮ ነው። አጠገቤ ያለችው ልጅ ማስታወሻ እየያዘች ነው። ቢሾፍቱ አፍንጫችን ስር ሆና ይሄን እንደ አርአያ እንማራለን?

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ኢቲ 302፣ ቦይንግ 737 ማክስ አውሮፕላናችን፣ ቢሾፍቱ አጠገብ የወደቀው መጋቢት 1 ቀን 2011 ነው። ከቦሌ በተነሣ በ6 ደቂቃው። 157 ሰው። ይቅርታ የሚመስለው ቃል የመጣው በ25 ቀኑ ነው። ያውም የመጀመሪያው የምርመራ ሪፖርት በወጣበት ዕለት፣ አብራሪዎቹ አምራቹ ያወጣውን መመሪያ ደጋግመው ተከትለዋል ከተባለ በኋላ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው። አሠልጣኙን በሥርዓት ጠየቅኩት። «መጀመሪያ ይቅርታ መጠየቁን እዪ» ብሎ አለፈኝ።

ባለሙያው፦
እህቴ፣ ንዴትሽ ይገባኛል። አሠልጣኙ ግን አልተሳሳተም። እኔ በዚህ ሙያ 14 ዓመት ቆይቻለሁ። የዚያን ያህል ኩባንያ ካሜራ ፊት ቀርቦ አንገቱን መድፋቱ ቀላል ነገር አይደለም። ሐዘኑንም በ25 ቀኑ አይደለም የገለጸው፤ በአደጋው ዕለት መግለጫ አውጥቷል። ይቅርታ ጠይቋል። ከዚህ በላይ ምን ይበል?

ቃል በቃል፦
«ይቅርታ ጠይቋል» ያልካት ላይ እንቁም። ሰውዬው ያለው «ሶሪ» ነው። ሶሪ ሁለት ቤት ያድራል። ለቅሶ ቤት የሄደም ሶሪ ይላል፣ የሰው እግር የረገጠም ሶሪ ይላል። በኛ ቋንቋ ግን ለቅሶ ቤት ገብተን «ይቅርታ» አንልም። «እግዚአብሔር ያጥናችሁ» ነው የምንለው። ሰውዬው «ለጠፋው ሕይወት ሶሪ» ነው ያለው። ለጠፋው ሕይወት እኔም አዝኛለሁ፣ አንተም አዝነሃል። አውሮፕላኑን ግን አልሠራነውም።

የቢሾፍቱ ልጅ፦
ተባረኪ! ለቀስተኛና በዳይ አንድ ወንበር ላይ አይቀመጡም።

ባለሙያው፦
መግለጫውን እስከ መጨረሻው ስሙት እንጂ። በሁለቱም በረራ፣ በኛውና ቀደም ብሎ በወደቀው በኢንዶኔዥያው ላየን ኤር፣ ኤምካስ (የአውሮፕላኑን አፍንጫ በራሱ ወደ ታች የሚደፋው ሥርዓት) በተሳሳተ የዳሳሽ መረጃ መቀስቀሱን አምኗል። «ኃላፊነቱ የኛ ነው» ብሏል። ይሄ መካድ ነው?

ቃል በቃል፦
የምኑ ኃላፊነት? ከዚህ በኋላ እንዳይደርስ የማድረጉ። መልሰህ አንብበው። የሚመጣውን ሥራ ወሰደ፣ ያለፈውን ጥፋት ግን አልነካውም። ያንን ዓረፍተ ነገር የሠራው ሰው የሚሠራውን ያውቃል። እኔም እኮ ደሞዝ የምበላው በዚህ ሥራ ነው፤ ቃል እንዴት እንደሚመረጥ አይጠፋኝም።

ከዚያስ? ሚያዝያ 21 ቺካጎ ላይ ከባለአክሲዮኖች ስብሰባ በኋላ ጋዜጠኞች ሲጠይቁት፣ አንዳንድ ቦታ መመሪያው ሙሉ በሙሉ አልተፈጸመም አለ። ይቅርታው አንድ ወር እንኳ አልቆየም። ካፒቴን ያሬድ ጌታቸው 29 ዓመቱ ነበር፣ ከ8,000 ሰዓት በላይ በሯል። ተነሥቶ መልስ አይሰጥም። የማይመልስ ሰው ላይ ጣት መቀሰር አርአያ ሆኖ ስላይድ ላይ ይውጣ?

ጠበቃ ነኝ፦
ከሁለታችሁም ትንሽ ልለይ። ያንን ዓረፍተ ነገር ፒአሩ (የሕዝብ ግንኙነቱ ክፍል) ብቻውን አልጻፈውም። ኩባንያው ያኔ ክስ ላይ ነበር። «አጥፍተናል» ቢል ነገ ችሎት ፊት ይነበብበት ነበር። እኔም ለደንበኞች መግለጫ አርሜ አውቃለሁ። መጀመሪያ የምሰርዘው «ስህተት» የሚለውን ቃል ነው። በቦታው «ክስተት» ይገባል። ሥራችን ነው፣ ደንበኛን መጠበቅ ነው።

በመጨረሻ ግን ቦይንግ ተጠያቂነቱን ተቀብሏል። ኅዳር 2014 ቺካጎ ፍርድ ቤት፣ ከኢቲ 302 ቤተሰቦች ጋር በተደረሰ ስምምነት።

ቃል በቃል፦
በ2 ዓመት ከ8 ወሩ። በፍርድ ቤት ወረቀት። ልዩነቱ ይሄ ነው እኮ የምለው! በካሜራ «ሶሪ»፣ በወረቀት «ተጠያቂ ነኝ»። ሥልጠናው ላይ የታየን የመጀመሪያው ብቻ ነው።

የቢሾፍቱ ልጅ፦
ጠበቃው፣ «ክስተት» ያልካት ቃል አንጀቴን በላችው። እኔ ቦታውን አይቼዋለሁ። ጉድጓዱን፣ የተገለበጠውን ጥቁር አፈር። ለቤተሰብ የተሰጠው ምን እንደሆነ ታውቃለህ? ከዚያ የተቃጠለ አፈር ተዝቆ በከረጢት ነው የተሰጣቸው። መጋቢት 8 ሥላሴ 17 ሣጥን በባንዲራ ተሸፍኖ ሲሄድ ውስጡ ሬሳ የለም። ይሄን ክስተት ብሎ የሚጽፍ እጅ ይገርመኛል።

ጠበቃ ነኝ፦
ወንድሜ፣ እኔ ስለ አደጋው አልተናገርኩም፤ ስለ መግለጫ አጻጻፍ ነው የተናገርኩት። ሐዘኑን አትጫንብኝ።

ዲሲ ነዋሪ፦
እዚህ በቀጥታ ያየሁትን ልጨምር። ጥቅምት 18 ቀን 2012 ሙይለንበርግ ሴኔት ፊት ቀረበ። የኢንዶኔዥያው ላየን ኤር 189 ሰው ይዞ የወደቀበት አንደኛ ዓመት ነበር። ቤተሰቦች የሟቾቹን ትልልቅ ፎቶ ይዘው ከኋላው ተቀምጠዋል። እሱ ጀርባውን ሰጥቷቸው ነው የሚያወራው። ወደ መጨረሻው ሊወጣ ሲል አንዲት ልጇን ያጣች እናት «ይቅርታ ስትል ዞረህ ሰውን እይ» አለችው። ዞረ። አይኗን አየና «ሶሪ» አለ። ለኔ ከሁሉም ይቅርታ የሚባል ካለ ያቺ ናት። ለፒአር በወር ምን ያህል እንደተከፈለ ይቅርና፣ ያቺን ሰከንድ ማንም አልጻፈለትም። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም።

ቃል በቃል፦
እናትየዋ ባትናገረው ይዞር ነበር?

ዲሲ ነዋሪ፦
እሱን እኔም አላውቅም። ታኅሣሥ ላይ ከሥራው ተነሣ። ሲሄድ ከ60 ሚሊዮን ዶላር በላይ ይዞ ነው የሄደው።

ባለሙያው፦
ቦይንግን ብቻ አትውቀሱ፤ እስኪ ወደ ቤታችን እንይ። የአደጋው ዜና መጀመሪያ የወጣው ከየት ነው? ከጠቅላይ ሚኒስትር ጽሕፈት ቤት ትዊተር፣ የሐዘን መግለጫ ሆኖ። አየር መንገዱ ሳይናገር። ዘመዱን ሸኝቶ ከቦሌ የተመለሰ ሰው ስልኩን ሲከፍት ነው ያየው። የቀውስ ኮሙኒኬሽን ሀሁ እኮ «ቤተሰብ ከሕዝብ በፊት ይስማ» ነው።

የቢሾፍቱ ልጅ፦
አየር መንገዳችንን አትንካ! የያኔው ዋና ሥራ አስፈጻሚው ተወልደ ገብረማርያም በዚያው ቀን ሱፉን እንደለበሰ ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ፣ ብረት በእጁ ይዞ ቆሟል። የቦይንግ አለቃ የት ነበር? ስልክ ላይ! ከሁለት ቀን በኋላ አሜሪካ አውሮፕላኑን እንዳታግደው ትራምፕን ሲለምን ነበር። የኛዎቹ ግን ማንም ሳያዛቸው በዚያው ቀን ማክሶቹን አቆሙ።

ባለሙያው፦
አልነካሁትም። እኔም በዚያ ፎቶ እኮራለሁ። ግን ያም ፎቶ ፒአር ነው። በአየር መንገዱ ገጽ ተለጥፎ የወጣ ነው። አንዱ ሲያደርገው ፒአር፣ የራሳችን ሲያደርገው ጀግንነት አንበል።

የቢሾፍቱ ልጅ፦
በአካል የሄደ ሰው ፒአር አይባልም።

ባለሙያው፦
ሄዶ፣ ፎቶ ተነሥቶ፣ ለጥፎ። ሦስቱም አሉ። ፒአር ስድብ መሆኑን ማን ነገረህ? ጥሩ ፒአር ማለት የሠሩትን ማሳየት ነው። በ2 ሳምንቱ ደግሞ ተወልደ ራሱ ድርጅታችን በቦይንግ ያምናል የሚል ጽሑፍ አወጣ። ጥር 24 ቀን 2014 ማክሱ እንደገና ሲበር አለቆቹ ራሳቸው ተሳፍረው በረሩ። የሰውን እምነት ለመመለስ ትክክለኛው አካሄድ ነው።

ቃል በቃል፦
በዚህ እስማማለሁ። ግን አየህ፣ ራስህ አመጣኸው። አለቆቹ ራሳቸው ተሳፈሩ። ሰውነታቸውን አስያዙ። ቦይንግ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያስያዘው ነገር ምንድን ነው?

ታዛቢ፦
እናንተ ስለ ቦይንግ ስትጨቃጨቁ የኛን አገር ፒአር ረሳችሁት። ንግድ ባንክ መጋቢት 2016 ላይ ሲስተሙ ሌሊቱን ከሰው ሒሳብ በላይ ሲከፍል አደረ። 801 ሚሊዮን ብር ወጣ። ከዚያ ምን ሆነ? የሳይበር ጥቃት አይደለም ተባለ። ቀጥሎ ገንዘብ ያልመለሱ ልጆች ስምና ፎቶ ቅርንጫፍ በር ላይ ተለጠፈ። የተበላሸው ሲስተም፣ የተለጠፈው ተማሪ!

ጠበቃ ነኝ፦
ያላንተ የሆነ ገንዘብ መውሰድ ወንጀል ነው። አትቀላቅል።

ታዛቢ፦
ወንጀል አይደለም አልኩ? የባንኩ ጥፋት በማን ፎቶ እንደተሸፈነ ነው የምናገረው። ቦይንግ ወደ አብራሪው፣ ባንኩ ወደ ተማሪው። መንገዱ አንድ ነው።

ባለሙያው፦
አንድ አይደለም። ባንኩ ያልተመለሰ ብር ነበረበት። ሌላ ክር ክፈትና እዚያ እንነጋገር።

ወደ ቃል በቃል ልመለስ። መተቸት ቀላል ነው። እስኪ አንቺ ጻፊው። የመጀመሪያው ሳምንት ነው፣ ሪፖርት አልወጣም፣ ጠበቃ አጠገብሽ ተቀምጧል፣ አክሲዮኑ እየወረደ ነው። ምን ትያለሽ?

ቃል በቃል፦
በመጀመሪያው ሳምንት «አውሮፕላኑን እኛ ሠራነው፣ ምክንያቱ እስኪታወቅ አቁሙት» እላለሁ። ቻይና በማግስቱ አቁማዋለች፣ አሜሪካ መጋቢት 4 ነው ያገደችው። ቦይንግ ቀድሞ ቢለው ማን ይከለክለው ነበር?

በ25 ቀኑ ደግሞ ይሄን፦ «ኤምካስን በአንድ ዳሳሽ ብቻ እንዲመራ አድርገን ሠራነው። ላየን ኤር ከወደቀ በኋላም አውሮፕላኑ እንዲበር ተውነው። ጥፋቱ የኛ ነው። ይቅር በሉን።»

ባለሙያው፦
በማግስቱ ከሥራ ትባረሪያለሽ።

ቃል በቃል፦
ሙይለንበርግማ በ9 ወሩ ተባሯል።

ጠበቃ ነኝ፦
ጽሑፉ ጥሩ ነው። ሦስተኛውን ዓረፍተ ነገር ብቻ አውጪው።

የቢሾፍቱ ልጅ፦
አታውጪው!